ለእማማ አመተሥላሴ የተላከ መነጽር

ኦሃዮ፣ አሜሪካ
ጥቅምት 12 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ለእትዬ ጌታነሽ፣
ቀየት

እንደምን ከርመዋል? የእማማ አመተሥላሴ ወገብ እንዴት ሆነ? ገብሱስ ዘለላ ያዘ? እኔ የፈጣሪ ቸርነት አልተለየኝም። አባቴ ወሰኔም ደህና ነው፤ ያለበት ከተማ ከኔ ኮሌጅ በመኪና አራት ሰዓት ስለሚያስኬድ አልፎ አልፎ ነው የምንገናኘው።

«በኳስ ኮሌጅ ይገባል ወይ?» ብለው የጠየቁኝን ላስረዳዎት። እዚህ አገር ፉትቦል የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፤ በእጅ ታቅፈው ይሮጡባታል። ነገሩ ወደ ገና ጨዋታ ይጠጋል። ሁለት ወገን ሆኖ፣ እየተጋፉ፣ ከወዲያኛው ዳር ማድረስ ነው። ዱላ ግን የለም፤ ሰው በገዛ ሰውነቱ ነው የሚማታው። ለዚህ ብለን የራስ ቁር እናደርጋለን።

በአንድ ቡድን ውስጥ አጥቂዎች ለብቻ፣ ተከላካዮች ለብቻ ናቸው። አጥቂዎቹ ኳሷን ሲነጠቁ ወጥተው ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፤ ተከላካዮቹ ይገባሉ። እኔ ሁለቱንም ነኝ። ስናጠቃ ኳሷን ይዤ እሮጣለሁ፤ ስንከላከል ይዞ የሚሮጠውን እጥላለሁ። በዚህ ኮሌጅ እንዲህ የሚጫወት ከሠላሳ ዓመት ወዲህ አልታየም እያሉ ነው። የማጥቃቱና የመከላከሉ አሠልጣኞች በኔ ይጣላሉ። በነጻ የምማረውም በዚሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሺህ ሰው ቆሞ «ምኒ፣ ምኒ» ይላል፤ ምንይሉ ማለት ከበዳቸው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። ቄስ ኪዳነ ወልድን መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ሰርካለም፣ የገና ዱላዬ ያቆሰለው ግራ ክንድሽ ጠባሳው ጠፋ ወይ? ያን ቀን ለእማማ «ወድቄ ነው» ብለሽ ከባሰ አርጩሜ ያዳንሽኝን አልረሳሁም። ጋሽ ወዳጆንም ሰላም በሉልኝ።

ልጅዎ ምንይሉ ወሰኔ

ቀየት
ኅዳር 28 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንይሉ፤

ያሳደገችህ አገር ሰላምታዋን ትልክልሃለች። ቁርና ውርጩ እንዳለ ነው፤ ገብሱ ግን ደግ ነው፤ በጎቹም ወልደዋል።

ደብዳቤህን እሑድ በሰንበቴ ላይ አነበብኩት። ልማዳችንን ታውቀዋለህ፤ ስሙ የተጠራ ሁሉ ብድግ ብሎ «ይመስገን» ይላል። እናቴ አመተሥላሴ ተደግፋ ተነሳች። ሰርካለም እጅጌዋን ሰብስባ ጠባሳውን ለሰው ሁሉ ስታሳይ፣ የአሥር ዓመት ውሸታችሁ በአያታችሁ ፊት ተጋለጠ። እናቴ «አርጩሜው አለ፤ ይምጣ» ብላሃለች።

ጋሽ ወዳጆን መጨረሻ ላይ መጥራትህ ግን ጣጣ አምጥቷል። እሱ ያስተማረህ የገና ጨዋታ ነው እዚያ ያደረሰህ፤ አንተ ከልጅ በታች ጠራኸው። ጠላውን ሳይጨርስ ሄደ። ከእንግዲህ ከቄሱ ቀጥለህ ጥራው።

እናቴ ፎቶግራፍህን ትፈልጋለች። ዓይኗ ቅርቡን አልለይ ስላላት መነጽርም ላክልኝ ብላለች፤ ቀድሞ መነጽሩን፣ ከዚያ ፎቶውን። አለዚያ ሰው የሰጣትን ሁሉ አንተ ነህ ብላ ትስማለች።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር አልገባኝም። ሌላው ሲያጠቃ አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ሲከላከል ሌላው ይቀመጣል አልክ። አንተ መቼ ነው የምትቀመጠው? በሬ እንኳ ረፋዱን አርሶ ይፈታል።

አክስትህ ጌታነሽ

ኦሃዮ
ጥር 25 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ጌታነሽ፣

በደስታ የከረሙ እንዲሆን ምኞቴ ነው። ፎቶግራፉን እነሆ። ቁጥር 34 የለበስኩት እኔ ነኝ። የጋዜጣው ቁራጭ «ሁለት ሰው በአንድ ልብስ» ይላል። ለጋሽ ወዳጆ ያንብቡላቸው፤ ይቅርታም ይጠይቁልኝ።

መቼ ትቀመጣለህ ላሉኝ፣ በጨዋታው መሐል አጭር እረፍት አለ። በኅዳር ወር በነበረን የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ደግሞ ሳልታዘዝ ተቀምጬ ነበር። አንዱን ለመጣል ስዘል ራስ ለራስ ተጋጨንና ስነሳ ጆሮዬ ውስጥ ደወል ይጮሃል። ሄጄ አረፍ አልኩ። ለካ የተቀመጥኩት ከተጋጣሚዎቻችን ወንበር ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ጥቂት ቆይቼ ገባሁ።

የእማማን መነጽር የሚያደርስ ሰው እየፈለግኩ ነው። እንዳልረሳው በክፍሌ በር ላይ በወረቀት ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

እማማን፣ ቄስ ኪዳነ ወልድን፣ ጋሽ ወዳጆን፣ ሰርካለምን እንደየማዕረጋቸው ሰላም በሉልኝ።

ምንይሉ

ቀየት
ሰኔ 8 ቀን 1992 ዓ.ም.

ልጄ ምንይሉ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ የምነግርህን ቀድመህ ሰምተኸዋል። መርዶ በወረቀት አይነገርምና ስልክ ወዳለበት ወደ ሞላሌ ከተማ ሄጄ ለአባትህ ደወልኩ። ሽማግሌ ይዘህ፣ በማለዳ፣ ከእንቅልፉ ሳይነሳ ድረስለት ብዬ አዘዝኩት።

እናቴ በግንቦት ልደታ ማግስት ዐረፈች። አልተንገላታችም። እናትህ ከሞተች ወዲህ አንተን ባሳደገችበት ጎጆ፣ በዚያው መደብ ላይ ናት ነፍሷ የወጣችው። ፎቶህ ከራስጌዋ ነበር። ደህና አድርጋ አላየችህም፤ በጣቷ ግን ቁጥር 34ን እየዳበሰች «ይሄ እሱ ነው» ትል ነበር።

በመነጽሩ እንዳትጸጸት። አልቅስ፤ ወንድ ነኝ ብለህ አትያዘው። ከዚያ ተጽናና።

ጌታነሽ

ኦሃዮ
ሐምሌ 19 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የእማማን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን።

አባቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገና ሳይነጋ በሬን ሲያንኳኳ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳያቸው ገባኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከኔ ጋር የሚያድረው ልጅ ምን እንደሆንን ስላልገባው ወንበር አመጣልኝ።

በሬ ላይ «ለእማማ መነጽር» የሚለውን ወረቀት አባቴ አየው። ልቅደደው ሲል አይሆንም አልኩት። አምስት ወር ሙሉ በዚያ በር ወጥቼ ገባሁ እኮ፣ እትዬ። ዕቃው ከሱቅ የሚገዛ ነበር። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ምንይሉ

ኦሃዮ
የካቲት 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ለእትዬ ጌታነሽ፣

ለረጅም ጊዜ ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ። ጨዋታው በዛብኝ። ዘንድሮ ከአሥር ጨዋታ ዘጠኙን አሸነፍን። በሁለቱም በኩል አንድም ጊዜ ሳልወጣ የጨረስኳቸው አሉ። ብርሃን ስለሚያስቸግረኝ ክፍሌን አጨልሜ ነው የምጽፈው፤ ለጽሕፈቴ መጥፎነት እንዳይቆጡኝ።

በመጨረሻ የሚመጣ ሰው ተገኘ። ይህን ደብዳቤና መነጽሩን ይዞልኛል። ለእማማ ስጧቸው። አድርገው ፎቶዬን ይዩት፤ ደህና አድርገው ይዩኝ። ዘገየህ ብለው እንዳይቀየሙኝ ንገሩልኝ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። ቄስ ኪዳነ ወልድን መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ጋሽ ወዳጆን ሰላም በሉልኝ። ሰርካለምንም እንዲሁ።

ልጅዎ ምንይሉ

ቀየት
ግንቦት 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ልጄ ምንይሉ፤

መነጽሩ ደረሰ። ደህና ዕቃ ነው፤ ማኅደሩም ያምራል።

ዘንድሮ ጨርቅ ላክልኝ፣ ሬዲዮ ላክልኝ አልልህም። የምጠይቅህ ሌላ ነው። እንቅልፍ ትተኛለህ? ራስህን ያምሃል? ብርሃን ያስቸግረኛል ያልከው ከመቼ ወዲህ ነው? አምና በሐምሌ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ስለ ምን ነበር? ይህን የመጨረሻውን ሳትመልስልኝ እንዳትቀር።

ጌታነሽ

ኦሃዮ
ሐምሌ 2 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ጌታነሽ፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ስለ ራሴ አያስቡ። ራስ ምታት እዚህ ተጫዋቹን ሁሉ ይይዘዋል። አሠልጣኞቹ ታርቀዋል። ዘንድሮም ሁለቱንም ትጫወታለህ ብለውኛል። ከታላላቆቹ ክለቦች የሚመለምሉ ሰዎች ሊያዩኝ ይመጣሉ እየተባለ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለመጣሁበት አገር ልጅ ሁለት ጊዜ አይገኝም።

የአምናው ሐምሌ ደብዳቤ ያሉት ስለ ልምምድ የጻፍኩት መሰለኝ። ወይም ስለ ሙቀቱ። ለምን ፈለጉት?

መነጽሩ ለእማማ ልክ ሆነላቸው? ደህና ዕቃ ነው ብለው ዝም አሉኝ እኮ።

ምንይሉ

ቀየት
ነሐሴ 1 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንይሉ፤

ይህን ተቀምጠህ አንብበው። ሰው ካለ አጠገብህ ይሁን።

እናቴ አመተሥላሴ ከሞተች አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆናት። አባትህ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነግሮሃል። አልቅሰሃል። የጻፍክልኝ የማጽናኛ ደብዳቤ ይኸው፤ አብሬ ልኬዋለሁ። እጅህን ታውቀዋለህ። እኔ ብጽፍልህ ባትቀበለኝስ ብዬ ነው የራስህን ቃል የመለስኩልህ።

ከመነጽሩ ጋር የመጣው ደብዳቤህ የደረሰኝ ሙት ዓመቷ ዕለት ነው። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳሱ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ሲበላ ነው መልእክተኛው የገባው። ሁሉም «አንብቢልን» አለኝ። አስቀድሜ ሳላየው ጀመርኩ። «ለእማማ ስጧቸው» ከሚለው ስደርስ «መነጽሩን እርስዎ ያድርጉት» ብዬ አነበብኩ። «ጉልበታቸውን ሳሙልኝ» ያልከውን «ነፍሳቸውን ይማርልኝ» አልኩት። ቃልህን ውጬ ሌላ ተካሁበት። ጋሽ ወዳጆ ብድግ ብሎ «ይመስገን» ሲል ሰው እንዳያየው ወረቀቱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

ለቄስ ኪዳነ ወልድ ብቻ ነገርኩ። «የቆየ ደብዳቤ ይሆናል» አሉኝ። ቀኑን አሳየኋቸው። አማተቡ። እኔም ፈራሁና ዙሪያውን ጠየቅኩህ። ስህተቴ እሱ ነው። ሁለት ወር ተኩል አባከንኩብህ።

ምንይሉ፣ ሰው ያሳደገችውን መሞቷን የሚረሳው ራሱ ላይ የሆነ ነገር ሲሆን ነው። ያ ደወል ያልከው፣ የሰው ወንበር ላይ የተቀመጥከው፣ ጨለማ ቤት የምትጽፈው፤ አንተ ስትስቅበት እኔም ስቄ ለሰው አንብቤዋለሁ። አሁን እቆጣለሁ። በአንተ፣ በእነዚያ አሠልጣኞችህ፣ በራሴም።

ስምንት ሺህ ሰው ይጠራኛል አልከኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። ግን እነዚያ ነገ ሌላ ይጠራሉ። ሐኪም ዘንድ ሂድና ይህን ደብዳቤና የራስህን ደብዳቤ አስተርጉመህ አንብብለት። ከአንተ ሌላ ምንም እንድትልክልኝ አልፈልግም፤ ስትጽፍልኝ የቤተ ሰቡን ስም ከወረቀት ሳታይ ጻፍልኝ።

ጌታነሽ

ኦሃዮ
ኅዳር 10 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎ መስከረም ላይ ደረሰኝ። የራሴን ጽሕፈት ሳነብ የሌላ ሰው ኀዘን መሰለኝ። መጨረሻው ላይ «ይህን እስክሞት አልረሳውም» ይላል። ለአባቴ ስልክ ደውዬ «እማማ ሞተዋል እንዴ?» አልኩት። ከዚያ ስልኩን ይዞ ሲያለቅስ ሰማሁት። እሱን ከማስለቀሴ ይልቅ እንደ አዲስ መርዶ ማልቀሴ ያሳፍረኛል፤ ሁለት ጊዜ ሞቱብኝ።

የሸሸግኩዎትን ልናገር። ደወሉ አንድ ጊዜ አልነበረም። አምና ብቻ አምስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የሁለቱን ወገን የጨዋታ ምልክት በቃል መያዝ ነበረብኝ፤ እየጠፋኝ ሲሄድ በእጅ አንጓዬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አንዱን ተው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለት ሰው መሆኔ ነበር እኔን እኔ ያደረገኝ።

የናንተም ስም እንደዚያው ይጠፋኝ ነበር። አንዱን ቀድሜ አንዱን ረስቼ ጋሽ ወዳጆን እንዳላስቀይም፣ ስጽፍልዎት ሰላምታውን ከዱሮ ረቂቄ ላይ እገለብጥ ነበር። ረቂቁ ላይ እማማ በሕይወት አሉ። በሬ ላይ ደግሞ «ለእማማ መነጽር» የሚል ወረቀት አለ። ሁለቱን አይቼ ሄጄ ገዛሁ። ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ።

የሁለተኛው ጨዋታ ዕለት ልብሴን ለብሼ ነበር። መልማዮቹም መጥተው ነበር። ደብዳቤዎን ከካልሲዬ ውስጥ አውጥቼ ለቡድኑ ሐኪም ሰጠሁት፤ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩለት። የራስ ቁሬን ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። በሳምንቱ ትልቁ ሐኪም «ከእንግዲህ አንድም ጨዋታ የለም» አለኝ። አንዱ አሠልጣኝ «ማጥቃቱን ብቻስ?» ብሎ ጠየቀ። ተቀምጬ ነበር፤ ተነስቼ ወጣሁ።

ነጻ ትምህርቱ ቀረ። ከአባቴ ጋር ነኝ፤ ግማሽ ቀን እማራለሁ፣ ግማሽ ቀን ተቀምጬ እውላለሁ። መቼ ትቀመጣለህ ብለውኝ አልነበር? ይኸው። ቅዳሜ ሲመጣ እግሬ መሬት ይመታል፤ ያ ጩኸት ይናፍቀኛል። ይህን ደግሞ አልዋሽዎትም።

ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ሁሉም ላይመለስ ይችላል ብሏል። ስማቸውን ከወረቀት ሳላይ እንዲህ ጻፍኩ፦

የእማማ አመተሥላሴን ነፍስ ይማር። ቄስ ኪዳነ ወልድን መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ጋሽ ወዳጆን እጅ ነሣሁ። እርስዎን እትዬ ጌታነሽን ጉልበትዎን ሳምኩ።

ልጅዎ ምንይሉ

ቀየት
ጥር 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንይሉ፤

ደብዳቤህ ለገና ደረሰልን። ጋሽ ወዳጆ ከሜዳ ዱላውን ይዞ ሲመለስ አገኘሁት፤ እዚያው ቆሜ ነገርኩት። ዱላውን ይዞ ገብቶ ማታ ሰው ሲጠጣ እሱ አልጠጣም። በነጋታው መጥቶ «መቀመጡ የጎበዝ ነው በይልኝ» አለኝ። ከሱ አፍ ይህን መስማት ቀላል እንዳይመስልህ።

እሑድ በሰንበቴ ላይ አነበብኩት። በእናቴ መነጽር ነው የማነበው፤ ልክ ሆኖኛል። የሚነበበውን መርጬ አነበብኩ፣ የጓዳህን ለጓዳ ተውኩት፤ ስሞቹን ግን አንድም አልቀየርኩም። የእናቴ ስም ሲጠራ ሰዉ ሁሉ ቆሞ «ነፍስ ይማር» አለ። ቄሱ ተነሡ። ወዳጆ ተነሣ። እኔም ለራሴ «ይመስገን» አልኩ።

ሰርካለም ጥግ ላይ ብድግ ለማለት ቀሚሷን ሰብስባ ትጠብቅ ነበር። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ የለችበትም። ባለፈው እንዳደረግኩት ጨምሬ ላነብላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ተውኩት። መነጽሩን አወለቅኩና «ሰርኬ፣ አንቺን ረስቶሻል» አልኳት።

እሷ ግን ብድግ አለችና «ወረቀቱን ስጭኝና እኔ ልጻፍለት» አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የሷ ነው።

ጌታነሽ

ምንይሉ፣

ሰርካለም ነኝ፤ የአክስትህ የጌታነሽ ልጅ። በአንድ ጎጆ ነው ያደግነው። አንተ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለህ።

በ1982 ዓ.ም. በገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ስትጫወቱ ቆሜ አይህ ነበር። ጥንጓን ልትመታ ዱላህን ወደ ኋላ ስትስብ ግራ ክንዴን መታኸኝ። ደሜን አይተህ ከኔ ይልቅ አንተ አለቀስክ። ጨዋታውን ትተህ ነጠላህን ቀደህ አሰርክልኝ፤ ወገኖችህ ሲጠሩህ አልተመለስክም። ለእማማ ወድቄ ነው አልኳት። ነጠላህን ለምን ቀደድክ ብላ ግን ገረፈችህ፤ ያኔም የኔን ነገር አላወጣህም።

ጠባሳው አልጠፋም። ይህን ወረቀት በርህ ላይ ለጥፈው።